ባል በአንድ ስቴት፣ ሚስት በሌላ ስቴት፦ የፍቺ ወረቀት ሲመጣ ምን ይደረጋል?



"ዝምታ ወርቅ ነው" ይላል ያገራችን ሰው። በብዙ ቦታ እውነት ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ዝምታ ወርቅ መሆኑ ቀርቶ ሰውን ልጁንና የላቡን ዋጋ ሊያሳጣው ስለሚችልበት ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። እዚህ ካኩማ በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ወይ መርዶ ነው ወይ ከአሜሪካ ነው። አነሣሁት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከእንቅልፍዎ ቀሰቀስኩዎት" አለችኝ። ድምጿን አወቅሁት። የዛሬ ስንት ዓመት እዚሁ ካምፕ ስትዳር የሽማግሌዎቹን ቃል በወረቀት ያሰፈርኩት እኔ ነበርኩ። ባሏ ከጋብቻው በፊት የተመዘገበ ስለነበር ኬዙ ለብቻው ቀድሞ አለቀና ዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትል ገባ። እሷ ደግሞ ቆይታ ሁለት ልጆቿን ይዛ በራሷ ኬዝ እህቷ ወዳለችበት ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ሄደች። "አንድ ላይ እንሆናለን" ሲባል አንዴ ሥራ፣ አንዴ የቤት ኪራይ፣ አንዴ የልጆች ትምህርት ምክንያት እየሆነ ሦስት ዓመት አለፈ። በመካከሉ ፍቅሩም ቀዘቀዘ።

"ወረቀት መጣብኝ ጋሼ" አለች። "አንድ ሰው በር አንኳኩቶ ስሜን ጠየቀኝና ሰጥቶኝ ሄደ። እኔ አልፈረምኩም። ካልፈረምኩ ምንም አይሆንም ብለውኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ግን እንቅልፍ አጣሁ።"

"መቼ ነው የመጣው?"

"አርባ ቀን ሊሆነው ነው።"

ወረቀቱን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥታ በዋትስአፕ እንድትልክልኝ ነገርኳት። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ምሩቅ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ አነባለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ "60 ቀን" የሚል ቁጥር አገኘሁ። ማለትም ሃያ ቀን ያህል ቀርቷታል። በማግስቱ ሴንት ፖል ያለ ነፃ የሕግ አገልግሎት ቢሮ ሄደች። እኔም ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ስጠይቅና ሳነብ ቆየሁ። ብዙዎቻችሁ እዚያ ያለ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ወይም ወንድም ስላላችሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

አሜሪካ አንድ የፍቺ ሕግ የላትም

እኛ "አሜሪካ" ስንል አንድ አገር፣ አንድ ሕግ ይመስለናል። በትዳር ጉዳይ ግን ሃምሳዎቹ ስቴቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስደተኛን የሚያስገባው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የሚያፋታው ግን የስቴቱ ፍርድ ቤት ነው። ጋብቻው የተፈጸመው ካኩማም ይሁን አዲስ አበባ ለውጥ የለውም። ወሳኙ ጥያቄ "ዛሬ የት ትኖራላችሁ?" የሚለው ነው።

ባልና ሚስት በሁለት ስቴት ሲኖሩ ሁለቱም በየሚኖሩበት ማመልከት ይችላሉ። ነገር ግን አመልካቹ በስቴቱ ውስጥ የተወሰነ ጊዜ የኖረ መሆን አለበት። ይህ ጊዜ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በሚኒሶታ 180 ቀን ነው። በቨርጂኒያ፣ በጆርጂያና በኦሃዮ ስድስት ወር ነው። በካሊፎርኒያ በስቴቱ ስድስት ወር፣ በካውንቲው ደግሞ ሦስት ወር ይጠየቃል። በቴክሳስ በስቴቱ ስድስት ወር፣ በካውንቲው 90 ቀን ነው። በኮሎራዶ 91 ቀን ይበቃል። በዋሽንግተን ስቴት ግን የተቆረጠ የቀን ብዛት የለም፤ ሰውየው በእውነት እዚያ ነዋሪ ከሆነ ማመልከት ይችላል። የእኛዋ እህት ባል ሲያትል ሆኖ ያመለከተው በዚሁ ነው።

ካመለከቱ በኋላም የመቆያ ጊዜ አለ። ዋሽንግተን 90 ቀን፣ ቴክሳስ 60 ቀን፣ ካሊፎርኒያ ስድስት ወር ሳይሞላ ፍቺው አይጸናም። ቨርጂኒያ ደግሞ ባልና ሚስቱ አንድ ዓመት ተለያይተው መኖራቸውን ትጠይቃለች፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌላቸውና በጽሑፍ ከተስማሙ ግን ስድስት ወር ይበቃል።

"አልፈርምም" ማለት ፍቺን አያስቀርም

ይህንን በደንብ ያዙልኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ባህል አንዱ ወገን እምቢ ካለ ሽማግሌ ይላካል፣ ይለመናል፣ ነገሩ ይራዘማል። እዚያ ግን ከ2010 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ሁሉም ስቴቶች ጥፋተኛ ሳይፈለግ እንዲፋቱ ይፈቅዳሉ። የመጨረሻዋ ኒውዮርክ ነበረች። አንዱ ወገን "ትዳሩ ሊጠገን በማይችልበት ደረጃ ፈርሷል" ካለ የሌላው እምቢታ በአብዛኞቹ ስቴቶች በመጨረሻ ፍቺውን አያስቆመውም።

ሕጉ የሚጠይቀው ወረቀቱ እንዲደርሳችሁ ነው እንጂ እንድትስማሙ አይደለም። ስለዚህ በር ላይ ለመጣ ሰው ስትፈርሙ እንኳ "ደርሶኛል" ማለታችሁ እንጂ "ተስማምቻለሁ" ማለታችሁ አይደለም። ያለመፈረምም ወረቀቱን እንዳልደረሰ አያደርገውም። ከደረሰ በኋላ በቀነ ገደቡ መልስ ካልተሰጠ ዳኛው የአመልካቹን ቃል ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል። ዲፎልት ይሉታል። ቀነ ገደቡ እንደ ስቴቱ ይለያያል፤ በካሊፎርኒያ 30 ቀን ነው፤ በዋሽንግተን ከስቴቱ ውጭ በእጁ ለደረሰው ሰው 60 ቀን ነው። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የባለሱቁ ታሪክ

"ታዲያ ሲያትል ያለ ዳኛ ሴንት ፖል ያለች ሴት ትዳር በምን ሥልጣኑ ያፈርሳል?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኔም ጠይቄ ነበር። መልሱ የቆየ ታሪክ ነው።

በ1940 ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት አንድ ባለሱቅ ከሠራተኛው ሚስት ጋር ተያይዘው ወደ ኔቫዳ ሄዱ። ኔቫዳ ያኔም ሆነ ዛሬ ስድስት ሳምንት ለኖረ ሰው ፍቺ ትፈቅዳለች። ሁለቱም ስድስት ሳምንታቸውን ቆጥረው የቀድሞ ትዳራቸውን አፈረሱና እርስ በርስ ተጋብተው ተመለሱ። ኖርዝ ካሮላይና ግን "በትዳር ላይ ትዳር ይዛችኋል" ብላ ከሰሰቻቸው። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1942 አንዱ ተጋቢ ብቻ በሚኖርበት ስቴት የተሰጠ ፍቺ በሌሎቹም ስቴቶች ሊከበር ይገባል አለ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1945 ያው ጉዳይ ተመልሶ መጣና "መኖሪያችን ነው ያላችሁት እውነት ካልሆነና ለፍቺው ብቻ የሄዳችሁ ከሆነ ሌላው ስቴት ሊቃወመው ይችላል" ተባለና ቅጣታቸው ጸና።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የትዳር ጓደኛችሁ በእውነት የሚኖርበት ስቴት እናንተ እዚያ ረግጣችሁ ባታውቁም ትዳሩን ሊያፈርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ "እገሌ ስቴት ቶሎ ያፋታል" ተብሎ የወዳጅ አድራሻ ተውሶ ማመልከት አደጋ አለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚሆነው።

ትዳሩን ማፍረስ አንድ ነው፤ ገንዘብና ልጅ ሌላ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን። ፍርድ ቤቱ ትዳሩን ማፍረስ ቻለ ማለት ሁሉን ነገር መወሰን ቻለ ማለት አይደለም።

በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌላ ጉዳይ አየ። ሚስት ኒውዮርክ ትኖራለች፤ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት በወር 180 ዶላር ተቆራጭ ወስኖላታል። ባል ወደ ኔቫዳ ሄዶ እሷ ሳትቀርብ ተፋታና "እንግዲህ ሚስቴ አይደለችም፣ አልከፍልም" አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ትዳሩ ፈርሷል፣ ተቆራጩ ግን አልፈረሰም አለ። ሚስትየዋ ላይ ሥልጣን የሌለው ፍርድ ቤት የገንዘብ መብቷን ሊሰርዝ አይችልም ማለት ነው።

ስለዚህ ከሌላ ስቴት ወረቀት ሲመጣባችሁ ራሳችሁን የምትጠይቁት፦ እዚያ ስቴት ኖሬ አውቃለሁ? ከባለቤቴ ጋር እዚያ ቤት ይዘን ነበር? የሚለውን ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያ ፍርድ ቤት በገንዘብና በንብረት ጉዳይም ሥልጣን ሊኖረው ይችላል። አይደለም ከሆነ ግን "በእኔ ላይ የዳኝነት ሥልጣን የላችሁም" ብሎ መቃወም ይቻላል። ልብ በሉ! ይህ ተቃውሞ በመጀመሪያው መልስ ላይ መጻፍ አለበት። ዝም ብሎ ገብቶ ስለ ንብረቱ መከራከር ከጀመሩ በኋላ "ሥልጣን የላችሁም" ቢሉ ብዙውን ጊዜ የሚሰማ የለም። ለዚህ ነው መልሱ ከመላኩ በፊት የሕግ ሰው ይየው የምለው።

የልጆች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ስቴቶቹ በአብዛኛው የተቀበሉት የጋራ ሕግ አለ። በዚያ ሕግ መሠረት ልጅን ማን ያሳድግ የሚለውን የሚወስነው ልጁ ቢያንስ ላለፉት ስድስት ወራት የኖረበት ስቴት ነው። ጨቅላ ከሆነም ከተወለደ ጀምሮ የኖረበት ነው። አባት ወይም እናት ቀድሞ ስላመለከተ ብቻ የልጁ ስቴት አይቀየርም። የእህታችን ልጆች ሦስት ዓመት ሚኒሶታ ስለኖሩ የሲያትሉ ዳኛ እነሱን በተመለከተ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። ሆኖም ይህንን ለዳኛው የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ልጆቹ የት እንደኖሩ በዝርዝር ጽፎ ማቅረብ የእሷ ሥራ ነበር።

የልጅ ቀለብም እንዲሁ መንገድ አለው። እናት በምትኖርበት ካውንቲ ያለው የልጅ ቀለብ ቢሮ ማመልከቻዋን ተቀብሎ አባት ወዳለበት ስቴት ያስተላልፋል። ትኬት ቆርጣ መሄድ የለባትም። ከተወሰነ በኋላ ገንዘቡ ከአባትየው ደመወዝ በቀጥታ እንዲቆረጥ ማድረግ ይቻላል።

አንዱ ወንድማችን የከፈለው

ሌላም አንድ ሰው አውቃለሁ። እሱም የዚሁ ካምፕ ልጅ ነበር። አሜሪካ ገብቶ ከሚስቱና ከልጁ ጋር በአንድ ስቴት ሁለት ዓመት ያህል ኖረ። ከዚያ ተጣሉና የከባድ መኪና ሥራ አግኝቶ ሌላ ስቴት ሄደ። ወረቀቱ ሲደርሰው "እሷ ታመልክት፣ እኔ እዚያ አልኖርም" ብሎ ተወው። አብረው የኖሩበት ስቴት ስለነበር ግን ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ነበረው። ዳኛው በሌለበት ፈረደ። ልጁ ከእናቱ ጋር ሆነ፣ ቀለቡ ያኔ ያገኝ በነበረው ከፍተኛ ገቢ ተሰላ፣ የመኪናውም ዕዳ በእሱ ላይ ዋለ። በኋላ ሥራው ሲቀንስ ቀለቡ አልቀነሰም፤ ምክንያቱም እንዲቀነስ አላመለከተም። ውዝፉ ተከመረ። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ የአሜሪካ ፓስፖርት መከልከል እንደሚመጣ ያወቀው ዜግነት አግኝቶ የታመመች እናቱን ሊያይ ፓስፖርት ሲጠይቅ ነው።

እኔ ማን አጠፋ፣ ማን አላጠፋ አልልም። ሴትየዋም የራሷ እውነት ይኖራታል። የምለው ግን በቀኑ መልስ ሰጥቶ ቢሆን የእሱም ቃል በመዝገቡ ላይ ይኖር ነበር።

ወረቀት ሲመጣ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የደረሰበትን ቀን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉ። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ ከየትኛው ስቴትና ካውንቲ እንደመጣና የመልስ ቀነ ገደቡን ፈልጉ። እንግሊዝኛ የማታነቡ ከሆነ የሚያነብ ታማኝ ሰው ፈልጉ፤ ልጆቻችሁን ግን አታስነብቡ። የአባትና የእናትን ክስ ልጅ እንዲተረጉም ማድረግ ነውርም ነው፣ ጉዳትም አለው።

ሦስተኛ፣ ነፃ የሕግ አገልግሎት ጠይቁ። በየስቴቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሠሩ አሉ። የፍርድ ቤቱ ክፍያ ራሱ ቀላል አይደለም፤ በካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከ400 ዶላር በላይ ነው። ነገር ግን አቅም የሌለው ሰው ከክፍያ ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል።

አራተኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። በሚኒሶታም በዋሽንግተንም ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ያቀርባል። ከ2020 የኮሮና ጊዜ ወዲህ ደግሞ ብዙ ፍርድ ቤቶች በቪዲዮ ወይም በስልክ መቅረብን ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ "የአውሮፕላን ገንዘብ የለኝም" ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ከቤት የወጣችሁት ድብደባን ሸሽታችሁ ከሆነ አድራሻችሁን በመልሱ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ለሕግ አማካሪው ንገሩት። ሚኒሶታና ዋሽንግተንን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች እንዲህ ላለው ሰው አድራሻውን የሚሰውር ፕሮግራም አላቸው።

ስድስተኛ፣ የሽማግሌ ስምምነት ቢኖራችሁም በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ሽማግሌ ቢያስማማ መልካም ነው፤ ጠብም ይቀንሳል፣ ወጪም ይቀንሳል። ነገር ግን ሽማግሌም፣ ቄስም፣ ሼህም ያፈረሱት ትዳር በአሜሪካ ሕግ የሚፈርሰው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። ሳያስጸድቁ ሌላ ማግባት እንደዚያ ባለሱቅ በትዳር ላይ ትዳር ያስብላል፣ በዜግነት ማመልከቻም ላይ ጣጣ ያመጣል። በአገራችንም ቢሆን የ2000 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ነው የሰጠው።

እዚህ ካምፕ ላለነውስ?

አንዳንዶቻችሁ "እኔ ካኩማ ነኝ፣ ምን አገባኝ?" ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል። የትዳር ጓደኛችሁ አሜሪካ ከሆነ እናንተ እዚህ እያላችሁም የሚኖርበት ስቴት ትዳሩን ሊያፈርስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚነካው ትልቁ ነገር የቤተሰብ ማገናኘት ነው። በስደተኛነት አሜሪካ የገባ ሰው ለሚስቱ ወይም ለባሉ ፎርም አይ-730 የሚሞላው በገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ጋብቻው እሱ ከመግባቱ በፊት የነበረና እናንተ እስክትገቡም የጸና መሆን አለበት። ፍቺ ከተፈጸመ በትዳር የተከፈተው መንገድ ይዘጋል። በጥር 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ በትእዛዝ እንዲቆም ከተደረገ ወዲህ ስንቱ ቤተሰብ ተከፍሎ እንደቀረ እናንተው ታውቃላችሁ። የጠበቀ ልብ ደግሞ ይደክማል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወረቀት በፖስታም ሆነ በስልክ ፎቶ ከመጣላችሁ ካምፑ ውስጥ የሕግ ምክር ለሚሰጡት አሳዩ። የቤተሰብ ሁኔታችሁ መለወጡንም ለዩኤንኤችሲአር ምዝገባ ክፍል አሳውቁ። እዚህ "ባለትዳር"፣ እዚያ "ፈት" ተብሎ የተመዘገበ ሰው በቃለ መጠይቅ ጊዜ መልስ ያጣል።

ብዙዎች "ከተፋታሁ የስደተኛ ወረቀቴን ይወስዱብኛል ወይ?" ብለው ይፈራሉ። በራሱ ስም ስደተኛ ተብሎ የገባ ሰው በመፋታቱ ብቻ ያንን አያጣም። የመቆያ ፈቃዱ በትዳር ጓደኛው ጥገኝነት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግን ፍቺው ሳይጸና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት።

የእህታችን ጉዳይስ?

የቀረው ቀን ሳያልቅ መልሷ ሲያትል ገባ። "ትዳሩ መፍረሱን አልቃወምም፤ ልጆቼ ግን የሚኒሶታ ነዋሪዎች ናቸው፣ እኔም ዋሽንግተን ኖሬ አላውቅም" የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ትዳሩን አፈረሰ፤ የልጆቹን ጉዳይ ግን ሳይነካ ተወው። እሱን ሚኒሶታ አየው። ልጆቹ ከእሷ ጋር ሆኑ፣ አባታቸውም በየሳምንቱ በቪዲዮ ያነጋግራቸዋል፣ በበጋ ደግሞ ይወስዳቸዋል። ቀለቡ ከደመወዙ ይቆረጣል።

ሲያልቅላት ደወለችልኝ። በዚህ ጊዜ ሰዓቱን አስልታ ማለዳ ነው የደወለችው። "ጋሼ፣ ያ እርስዎ የጻፉት የሽማግሌ ወረቀት እኮ እስካሁን አለ። ልቅደደው?" አለችኝ። ትንሽ ዝም አልኩና "አትቅደጂው፤ ልጆቹ ሲያድጉ አባትና እናታቸው በወግ በማዕረግ እንደተጋቡ ያዩበታል" አልኳት።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የጠበቃን ምክር አይተካም። ለማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። እዚያ ላሉ ወገኖቻችሁም ንገሯቸው።

ቸር እንሰንብት።